ጉዳት የላትም ያልኩበት ክረምት

ሰኔ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ እሑድ

ይህ ደብተር የእሳት እራት ደብተር ነው። የሰው ወሬ አይገባበትም። ሰው ሰውን የሚጽፍበት ደብተር በየቀበሌው ሞልቷል፤ የእኔ ባይጨመር የሚጎድል ነገር የለም።

ዛሬ ጠዋት ከአቃቂው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር መብራት ሥር ዘጠኝ ለቀምኩ። አንዷ ወፍራም፣ ፀጉራም፣ ክንፏን ዘርግታ ግድግዳውን ለብቻዋ የያዘች ናት። በገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ስም ዱሬሳ ብያታለሁ፤ ስብሰባ ላይ እሱም እንደዚሁ ነው የሚቀመጠው። ስድስቱ የማይረቡ። ሁለቱ ቡናማዎች።

ቡናማዋን አብጠርጥሬ አውቃታለሁ። ሣር ባለበት ሁሉ አለች። የፊት ክንፏ አቧራ የነካው ቡናማ ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ባቄላ የጎበጠች ፈዛዛ ነጠብጣብ አለች። የኋላ ክንፏ ግን ነጭና ስስ ነው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን ያሳልፋል፤ ስትቀመጥ ትደብቀዋለች። ለታላቅ እህቴ ለአደሴ ሳሳያት፣ "ይቺማ የድሃ ልብስ ነው የለበሰችው" አለች። የኋላ ክንፏን በመርፌ ገለጥኩላት። "ውስጥ ልብሷ ግን ከእኔ ይሻላል" አለችኝ።

አምና ከወንዙ ዳር ሣር ውስጥ አረንጓዴ ትል ለቅሜ በማርማላታ ጠርሙስ አሳድጌ፣ ከዚያው ጠርሙስ ቡናማዋን ተቀብያለሁ። እንቁላሏ በአምስት ቀን ይፈለፈላል። ትሉ ሃያ አራት ቀን ይበላል፣ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል፣ ከዚያ አፈር ውስጥ ገብቶ በቡናማ ቅርፊት አሥራ ስምንት ቀን ይተኛል። ግንባሩ ላይ "ለ" የምትመስል ነጭ መስመር አለችው፤ "ለምን" ሊል ጀምሮ የተወው ይመስላል። ብቻውን የሚኖር፣ ከሣሩ ሥር የማይወጣ፣ ማንንም የማያስቸግር ትል ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሠላሳ ዓመት የመፍተያ ማሽን ዘይት ሳጠጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ህንዱ የማሽን ባለሙያ አገሩ ሲገባ የተወልኝ አንድ አጉሊ መነጽር አለኝ፣ ጡረታ አለኝ፣ ጊዜ አለኝ።

ሰኔ 8፣ አርብ

ሙሀመድአወል ከአዋሳ ገባ። ጎረቤቴ ነው፤ ግቢያችን አንድ ነው፣ የጭነት መኪና ይነዳል። ከመኪናው ሳይወርድ ነው የጮኸብኝ።

"ደበላ! አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ነበር!"

"አስፋልት ከመቼ ወዲህ ነው ነጭ የሆነው?"

"ትል ነው የምልህ! ከዝዋይ ወዲያ መንገዱን እያቋረጠ። ጎማው አንሸራተተኝ፣ ወላሂ።"

"ጎማህ ያለ ትልም ይንሸራተታል። እንደ ራስህ መላጣ ነው።"

እሱም ሳቀ። ከዚያ እጁን ሲታጠብ፣ "ሰዎቹ ተምች ነው አሉኝ። ከዝናቡ ጋር አብሮ ይጓዛል አሉ" አለኝ። ዝናቡስ ወደየት እየሄደ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ደመናው ከደብረ ዘይት በኩል ተደርድሮ ይታይ ነበር።

ሰኔ 14፣ ሐሙስ

የፋብሪካው ግድግዳ ቡናማ ሆኗል። እስከ መቶ ስልሳ ቆጥሬ ተውኩት። ዘበኛው በመጥረጊያ ጠርጎ በባልዲ ሞላቸው። እንዲህ በዝተው አይቼ አላውቅም። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የእኔዋ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ።

ሰኔ 16፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ፀሐዩ መጣ። ስለ እሱ ትንሽ ልጻፍ፤ የሰው ወሬ አይገባም ያልኩትን አንድ ጊዜ ልተው። የገበሬ ማኅበሩ የልማት ሠራተኛ ነው፣ ከኮሌጅ ከወጣ ሁለት ዓመቱ። የአደሴን ልጅ ያለምወርቅን በጥር ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ አባቷ ስለሌለ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቴ ሲቆም ወታደር ይመስላል። እኔም አላሳርፈውም። ዛሬ ጫማው ጭቃ ነክቶት አይቼ፣ "ለገበሬው ጭቃ እንዴት እንደሚረገጥ ልታስተምረው ነው?" አልኩት። ቀላ።

ክብሪት ሣጥን አውጥቶ ከፈተ። አራት ቡናማዎች።

"ጋሽ ደበላ፣ የተምች እናት ትሆን ብዬ ፈርቻለሁ። ኮሌጅ ያሳዩን የትሉን ሥዕል ብቻ ነው። የእሳት እራቷን ከሌላው መለየት አልቻልኩም።"

"ሥዕሉ ላይ ትሉ ምን ይመስላል?"

"ጥቁር። በመንጋ የሚሄድ።"

ሳቅኩበት። አምና ያሳደግኩትን፣ አረንጓዴውን፣ ብቸኛውን ትል ነገርኩት። ጠርሙሱን አሳየሁት፣ ባዶውን ቅርፊት አሳየሁት፣ ከውስጡ የወጣችውን አሳየሁት። "ጥቁሩ ሌላ እናት ይኖረዋል። ይቺ ጉዳት የላትም" አልኩት።

"ናሙናውን ከተማ ላሉት ልላክ እንዴ? ለጥንቃቄ።"

"ላክ። 'የሣር የእሳት እራት ፈርቼ ነው' ብለህ ጻፍበት። ለሠርግህ ሲያነቡልህ ደስ ይለናል።"

ሣጥኑን ዘጋው። ሪፖርቱን እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ጻፈ። ስሜን ሊያስገባ ሲል፣ "ደበላ ካልክማ ይስቁብሃል፤ ባለሙያ በል" አልኩት። እሱም እየሳቀ እንዲህ ጻፈ፤ "የታየችው የእሳት እራት ጉዳት የማታደርስ መሆኗ በባለሙያ ተረጋግጧል።"

በባለሙያ! ሲወጣ በሩን ዘግቼ ቃሉን ሁለት ጊዜ ብቻዬን አልኩት።

ሰኔ 17

ያለምወርቅ ከፋብሪካ ስትወጣ አለፈች። "ጋሼ፣ ፀሐዩን ምን አደረጉት? ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ተኛሁ እያለ ነው" አለችኝ። "መድኃኒት ሰጠሁት" አልኳት።

ግድግዳው ዛሬ ንጹሕ ነው። አንዲትም የለችም። የት ሄዱ?

ሰኔ 29፣ አርብ

የማኅበሩ የጋራ እርሻ በአስፋልቱ ዳር በቅሏል። ዘንድሮ ጤፉን ከወትሮው ቀድመው ነው የዘሩት፤ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የሚመጡ እንግዶች በመኪና ሲያልፉ እንዲያዩት ነው። ካድሬው መጥቶ እንደ ምንጣፍ ነው አለ። ዱሬሳ ከኋላው ቆሞ ምንጣፉን ራሱ የሠራው ይመስል ነበር። የአደሴ ማሳ ከጋራው እርሻ ጋር ይዋሰናል። የእሷም አረንጓዴ ነው።

ሐምሌ 8፣ እሑድ

አደሴ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ቤቷ ሳትገባ መጥታ በሬን መታች።

"ደበላ፣ ግጦሹ ይንቀሳቀሳል።"

"ነፋስ ነው እትዬ።"

"ነፋስ የለም። ተነሥተህ እይ።"

ነገ አያለሁ አልኳት። ዝናብ ነበር።

ሐምሌ 9

አየሁ። ጥቁር። ግጦሹ በሙሉ። እግር መርገጫ የለም። ወደ ጤፉ እየሄደ ነው። አምስት በማርማላታ ጠርሙስ ይዤ መጣሁ። ፀሐዩን አላገኘሁትም፤ መርጫና መድኃኒት ሊለምን ወደ አውራጃው ሮጧል አሉ።

ማታ

አንዱን በመነጽር አየሁት። ጀርባው ከሰል ነው፣ ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር አለው። ግንባሩ ላይ "ለ" አለች።

እንዲህ ያለ መስመር ብዙ ትል ላይ ይኖራል። የአምናው አረንጓዴ ነበር፣ ይህ ጥቁር ነው። አረንጓዴ ነገር ጥቁር አይወልድም። የእሳት እራት ካልወጣው በቀር ማንም ትል ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሳይረጋገጥ መናገር ደግሞ የሞኝ ሥራ ነው።

ሐምሌ 11፣ ረቡዕ

መርጫው አልመጣም። አውራጃው ለፀሐዩ፣ "የእሳት እራቷ በታየች ጊዜ ብታሳውቁን ኖሮ ተራ ትይዙ ነበር፤ አሁን ከእናንተ የቀደሙ አሥራ አንድ ማኅበሮች አሉ" አሉት። ይህን ሲነግረን ቦይ እየቆፈርን ነበር። እኔም አካፋ ይዤ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። ሆን ብሎ ነው ያላየኝ።

ሐምሌ 13፣ አርብ

ትሉን በጣሳ ለቀምን፣ በቅጠል ጠረግን፣ ወደ ቦዩ ነድተን አፈር መለስንበት። የተማሪ ቤት ልጆች በሙሉ ወጥተዋል። ከአንዱ ጥግ ስናጠፋ ከሌላው ይመጣል።

ድምፁን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሲበላ ድምፅ አለው። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ቀጭን ካፊያ ነው። ሰዎቹ ዝም ሲሉ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል።

የጋራው እርሻ አለቀ። የአደሴም አለቀ። አደሴ በማሳዋ ዳር ቆማ፣ "ጠራርጎ ሄደ፣ ሙያ አለው" አለች። አልሳቀችም። እኔም።

ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ

ፀሐዩን ወሰዱት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሰው ሁሉ እያየ።

ካድሬው ሪፖርቱን ጮክ ብሎ አነበበው። "በባለሙያ ተረጋግጧል ይላል። የትኛው ባለሙያ ነው?"

ፀሐዩ፣ "እኔ ነኝ" አለ።

"አንተ ስለ ራስህ ነው በባለሙያ ብለህ የጻፍከው?"

"አዎ።"

"ተምች መሆኑን እያወቅክ?"

"ሳላውቅ ነው።"

"ሳታውቅ አረጋገጥክ? ይህ ስሕተት አይደለም፤ አሻጥር ነው።"

እኔ ከበሩ አጠገብ፣ ከያለምወርቅ ኋላ ቆሜ ነበር። ሲያልፍ ለእሷ ራሱን ነቀነቀላት። ለእኔ፣ "ጋሽ ደበላ፣ ያለምን አደራ" አለኝ።

አደራ አለኝ።

ሐምሌ 15

ዱሬሳ ሪፖርቱ ላይ እሱም ማኅተም መትቷል። ዛሬ በመንገድ አግኝቶኝ ጃንጥላውን ወደ እኔ ዘንበል አደረገ። "ዶክተር፣ ትሎችዎ እንዴት ናቸው?" አለኝ። አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ድምፁን ቀንሶ፣ "ልጁ አፉን ዘግቷል። እኛም እንዝጋ። አንድ ሰው ነው የፈለጉት፣ አንድ ሰው አግኝተዋል" አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። አልሰጠሁትም ማለት ተስማማሁ ማለት አይደለም።

ሐምሌ 18፣ ረቡዕ

ከአምስቱ አራቱ አፈር ገቡ። አንዱ ሞተ፤ በአልኮል ጠርሙስ አድርጌዋለሁ። ግጦሹም ላይ አንድ የለም፤ ሁሉም በአንድ ቀን መሬት ገብቷል። ሰዎቹ ሄደ ይላሉ። አልሄደም። እግራችን ሥር ነው።

አሥራ ስምንት ቀን። ከዚያ የሚወጣውን አያለሁ። ሌላ የእሳት እራት ከወጣ እኔ ያልኩት ልክ ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሄጄ እንዲያውም ለፀሐዩ እከራከርለታለሁ። ቡናማዋ ከወጣች ደግሞ... ያኔ ይታያል። አሁን ብሄድ ምን ብዬ ነው? አንድ ሰው የማያውቀውን ሊመሰክር አይሄድም።

ሐምሌ 21

ያለምወርቅ ከሥራ መልስ በየቀኑ በእስር ቤቱ በር ታልፋለች። አያስገቧትም፣ ስንቁን ብቻ ይቀበሏታል። "ጋሼ፣ እርስዎ ትልልቅ ሰዎች ያውቃሉ፤ ፋብሪካ በነበሩበት ጊዜ..." ብላ ተወችው። የማውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ማሽኖች ናቸው ብዬ ልቀልድ ነበር። ቀለድኩ። ጨዋታዬን ስለለመደች ሳቀችልኝ።

ሐምሌ 25

ናሙና ለምን አልላከም? የተማረ ሰው አይደለም እንዴ? አንድ ሽማግሌ ቢቀልድበት ናሙናውን የማይልክ የልማት ሠራተኛ ምን ዓይነት ነው?

ይህን የጻፍኩት ጠዋት ነው። አሁን ማታ ነው። ልሰርዘው ብዬ እስክሪብቶ አንሥቼ ተውኩት።

ሐምሌ 27

ካፊያ። ጠርሙሱን አየሁ፣ ሁሉም አፈር ውስጥ ነው፣ የሚበላ የለም። ድምፁ ግን ከቤቴ አልወጣም። ሙሀመድአወልን፣ "ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ይሰማሃል?" አልኩት። ወደ ውጭ ወጥቶ እጁን ዘረጋ። "ካባራ ቆይቷል" አለኝ።

ነሐሴ 2፣ ረቡዕ

ሙሀመድአወል ማምሻውን ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየ።

"የዝዋዩን ትል የነገርኩህ ቀን ትዝ ይልሃል?"

"ጎማህ ትዝ ይለኛል።"

"ተው እንጂ ደበላ።"

ሻይ ቀዳሁለት። ከዚያ እሱ፣ "ልጁን ያንተ ነገር ነክቶት ከሆነ፣ ሂድ። መኪናዬ አለች፣ አደርስሃለሁ" አለኝ።

"ገና አራት ቀን ይቀራል" አልኩት።

"ለምኑ?"

"ለትሉ።"

ሻዩን ጨርሶ ሳይጠጣ ተነሣ።

ነሐሴ 5

በረደ። ከበረደ ይዘገያል። ሃያ ቀንም ሊወስድ ይችላል። ሃያ አምስትም።

ነሐሴ 7፣ ሰኞ

ወጣች።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጠርሙሱ ላይ በሸፈንኩት ሻሽ ተጣብቃ ክንፏን ታደርቅ ነበር። እንደ ባቄላ የጎበጠችው ነጠብጣብ። የኋላ ክንፏ ነጭ። ከአምናዋ ጎን አስቀምጬ በመነጽር አንድ ሰዓት ሙሉ አየኋቸው። እህትማማቾች ናቸው ማለት አይበቃም፤ አንድ ናቸው።

አሁን ገባኝ። ትሉ ብቻውን ሲያድግ አረንጓዴ ነው፣ ተደብቆ የሚኖር ጨዋ ነው። እርስ በርሱ ተጨናንቆ ሲያድግ ይጠቁራል፣ መንጋ ይሆናል። እናት አንድ፣ ትል አንድ፣ ቀለም ሁለት። እኔ ጨዋውን ብቻ አይቼ ስለ ዘሩ ሁሉ ማልኩ።

ሁለተኛዋ ከሰዓት በኋላ ወጣች። ነገ እሄዳለሁ። ነገ ሁለቱ የቀሩት ይወጡ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 9፣ ረቡዕ

ሙሀመድአወል ከተማ፣ የፀሐዩን ጉዳይ ወደሚመረምሩት ዘንድ አደረሰኝ። አራቱንም ቡናማዎች፣ የሞተውን ጥቁር ትል፣ የአምናውን አረንጓዴ ትል ቆዳ ይዤ ሄድኩ። የምለውንም ይዤ ነበር፤ በመንገድ ላይ ደጋግሜ አጥንቼዋለሁ። "ጉዳት የላትም ያልኩት እኔ ነኝ። ናሙናውን አትላክ ያልኩትም እኔ ነኝ።" ሁለት ዓረፍተ ነገር።

ተመለስኩ። ደክሞኛል። በደኅና ተቀበሉኝ።

ነሐሴ 10፣ ሐሙስ፣ ማታ

ትናንት የጻፍኩት አጭር ነው።

ኃላፊው መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ይገርፋሉ፣ ይጮኻሉ ብዬ ነበር የሄድኩት። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። "ምን ልርዳዎት አባት?" አለኝ። ስለ ተምቹ ነው አልኩት። ሣጥኑን አይቶ፣ "እስቲ ያሳዩኝ" አለኝ።

አሳየሁት። ከእንቁላሉ ጀመርኩ። እናትየዋ ከሆዷ ፀጉር ነቅላ እንቁላሏን እንዴት እንደምታለብስ ነገርኩት። ቆዳ መግፋቱን፣ "ለ"ን፣ ሁለቱን ቀለም ነገርኩት። ጠየቀኝ፤ ጥያቄው የገባው ሰው ጥያቄ ነበር። አጉሊ መነጽሬን ተቀብሎ ቡናማዋን ወደ መስኮቱ ይዟት ሄዶ አያት። "ይህን ሁሉ ብቻዎን ነው የደረሱበት?" አለኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። አንዲት ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጣ የምለውን በጽሕፈት መኪና ትጽፍ ነበር፤ ቃሌ በሰው እጅ ሲጻፍ የመጀመሪያዬ ነው። ሲጻፍ የበለጠ አሳምሬ መናገር ጀመርኩ።

ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ "ተምች ነው ማለት ነው" አለ።

"ተምች ነው።"

"የሠለጠነ የግብርና ሠራተኛ ይህን ማወቅ ይገባው ነበር?"

"ማወቅ... ይገባው ነበር።"

"ናሙና ቢላክ በጊዜ ይታወቅ ነበር?"

"ይታወቅ ነበር።"

ወረቀቱን ሰጠኝ። አንድ ገጽ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውሸት የሆነ አንድ ቃል የለበትም። እንዲያውም ጥሩ ተጽፏል።

"ሌላ የሚጨምሩት አለ?" አለኝ።

ሻይ ጠጣሁ። ቀና ስል አሁንም እየጠበቀኝ ነበር፣ በትዕግሥት፣ በአክብሮት። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። ሙሀመድአወል ውጭ እየጠበቀኝ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ጭነት አለበት ብዬ አሰብኩ።

"የለም" አልኩት።

ከስሜ ሥር ባለሙያ ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በላይ ፈረምኩ።

ሙሀመድአወል፣ "ነገርካቸው?" አለኝ። "ሁሉንም" አልኩት። እስከ አቃቂ ድረስ ሲያመሰግነኝ መጣ።

ነሐሴ 12

ያለምወርቅ ከሙሀመድአወል ሰምታለች። በሬ ላይ ጉልበቴን ሳመች። "ጋሼ፣ ሄዱለት። ሌላው ሰው ሁሉ ሲሸሽ እርስዎ ሄዱለት።" ላነሣት ስሞክር አልነሣም አለች። "ምን አሏቸው?"

"ስለ ትሉ አስረዳኋቸው።"

"ሰሙዎት?"

"ሰሙኝ። ደኅና አድርገው ሰሙኝ።"

ነሐሴ 16፣ ረቡዕ

ከበዓሉ በፊት ፋይሎች ይዘጉ ተብሏል አሉ። የእሱም ተዘጋ። ሰባት ዓመት።

ዱሬሳ ነው የነገረን፣ ጽሕፈት ቤት ደርሶ መጥቶ። "በባለሙያ ቃል ስለተረጋገጠ" ይላል አለ ፍርዱ። ይህን ሲል ለአደሴ ነበር የሚነግራት፣ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር። አደሴ፣ "ባለሙያው ራሱ ፀሐዩ አይደል ወይ? ራሱ ላይ መሰከረ?" አለች። ዱሬሳ፣ "እንደዚያ ይሆናል" አለ።

የፋብሪካውን ግድግዳ አላየሁም። ዛሬም ትናንትም በዚያ አላለፍኩም።

ነሐሴ 18፣ አርብ

ያለምወርቅ ልታለቅስ የመጣች መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ፊቷ በርቷል።

"ጋሼ፣ ስለተፈረደበት አሁን መጠየቅ ይቻላል። እሑድ እሑድ። ሁለት ሰው ያስገባሉ። እናቱ ሩቅ ናት፤ እርስዎና እኔ እንሂድ።"

"እናትሽ ብትሄድ አይሻልም?"

"እሱ የጠራው እርስዎን ነው። በስንቁ ሣህን ሥር ወረቀት አድርጎ። 'ጋሽ ደበላ መጥተው ነበር ሲሉ ሰማሁ። ስለ እኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። አምጪልኝ፣ ላመስግናቸው' ይላል።"

ወረቀቱን አሳየችኝ። የእሱ ጽሑፍ ነው። ሪፖርት እንደሚጽፍ ቀጥ አድርጎ ነው የጻፈው።

"ሸሚዝ የለኝም" አልኳት። እውነት ነው፣ ያለኝ አንዱ ቆሽሿል።

"እኔ አጥብልዎታለሁ" አለች።

ነሐሴ 19፣ ቅዳሜ

ጠዋት አጥባ በግቢው ገመድ ላይ ሰቀለችው። ሰማዩ ጥቁር ነበር። ከሰዓት በፊት ሁለት ጊዜ ዘነበ፤ ሸሚዙን ማንም አላነሣውም፣ እኔም ከመስኮት እያየሁ አላነሣሁትም። በነሐሴ ልብስ በአንድ ቀን አይደርቅም። ሙሀመድአወል ሲያልፍ እጅጌውን ጨምቆ ውኃ አፈሰሰ። "ነገ እርጥብ ነው የምትለብሰው" አለኝ። "እርጥብ ለብሼማ አልሄድም፣ ሳምባዬ" አልኩት።

በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ወጣች። ደመናው ወደ ቱሉ ዲምቱ በኩል ሸሸ፣ ነፋስ ተነሣ። ሸሚዙ ሰው የገባበት ይመስል እጆቹን ዘርግቶ ሲወዛወዝ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

ያለምወርቅ መጥታ ኮሌታውን ዳሰሰች። አጠፈችው። አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው።

ደርቋል።